ማራገቢያውን ማን ያብራው? በደጋ ሲሎዎች የራስ ሰር አየር ቁጥጥርን በተመለከተ የቀረበ አስተያየት

ለማስተርስ ጥናቴ በአንድ የደጋ ከተማ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የመስክ ሥራ በሠራሁባቸው ሳምንታት፣ የስንዴ ሲሎው ማራገቢያ በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ይጠፋ ነበር። ሰዓቱ የተመረጠው ለእህሉ ተብሎ አልነበረም፤ የመብራት ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ የሚገባውና የሚወጣው በእነዚህ ሰዓታት ስለ ሆነ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በታች ሲወርድ ማራገቢያው ቆሞ ያድራል፤ ቀትር ላይ አየሩ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ሞቃቱን አየር ወደ እህሉ ይነፋል። ፋብሪካው የኤሌክትሪክ ሒሳብ እየከፈለ እህሉን ያሞቅ ነበር ማለት ነው።

ይህ ገጠመኝ ራስ ሰር የማራገቢያ መቆጣጠሪያ እንደሚያስፈልገን አሳምኖኛል። ይሁን እንጂ የሚያስፈልገን ከውጭ አምጥተን እንዳለ የምንሰካው መሣሪያ ሳይሆን፣ የውሳኔ ደንቡ ለአገራችን ከፍታና የአየር ጠባይ የተስተካከለው ነው።

የማቀዝቀዝ ጥቅም በሚገባ የታወቀ ነው። የተከማቸ እህል ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል፣ ሙቀትም ያመነጫል። አብዛኛው የጎተራ ነቀዝ በ25 እና በ33 ዲግሪ መካከል በፍጥነት የሚራባ ሲሆን፣ እህሉ ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን መራባቱ ይቆማል ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የደጋው ሌሊት በነጻ የሚሰጠን ቅዝቃዜ የመርዝ ወጪያችንን ሊቀንስ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል፦ ማቀዝቀዝ ማድረቅ አይደለም። እርጥብ ሆኖ የገባን በቆሎ ለማቀዝቀዣ የተሠራ አነስተኛ ማራገቢያ ከሻጋታና ከአፍላቶክሲን ያድነዋል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው።

የቁጥጥሩ ዋና ችግር ቀዝቃዛው ሰዓት እርጥቡም ሰዓት መሆኑ ነው። የሙቀት መጠንን ብቻ የሚያይ መቆጣጠሪያ ንጋት ላይ ጤዛ ያዘለውን አየር ይመርጣል። አንጻራዊ እርጥበትን ብቻ የሚያይ ደግሞ የቀትሩን ደረቅና ሞቃት አየር ይመርጣልና በቁልፍ ያዡ ሰዓት ከመሥራት ብዙም አይሻልም። ትክክለኛው ደንብ ሁለቱን አጣምሮ፣ አየሩ በመጨረሻ እህሉን በምን ያህል እርጥበት ላይ እንደሚያረጋጋው ማስላት አለበት። ማራገቢያው ራሱ አየሩን በመጠኑ እንደሚያሞቅም መዘንጋት አይገባም። 10 ዲግሪና 85 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር ማራገቢያውን ሲያልፍ በ2 ዲግሪ ቢሞቅ፣ እርጥበቱ ወደ 74 በመቶ ይወርዳል። በተጨማሪም ቅዝቃዜ በእህሉ ውስጥ ከእርጥበት ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይጓዛል። ስለዚህ ጥቂት እርጥብ ሌሊቶችን በጥንቃቄ መጠቀም ብዙዎች የሚፈሩትን ያህል አያሰጋም፤ የሚያሰጋው እህሉ ከቀዘቀዘ በኋላም ማራገቢያውን አለማጥፋት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። በ2,400 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል፤ በተመሳሳይ የሙቀት መጠን የአየሩ ጥግግትም እንዲሁ። ስለዚህ ማራገቢያው በሰዓት የሚነፋው አየር በሊትር እኩል ቢሆን እንኳ በክብደት ያንሳል፤ ከእህሉ ይዞ የሚወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዝቅተኛ ቦታዎች አንድን ሲሎ ለማቀዝቀዝ 150 ሰዓት ይበቃል የሚል ሠንጠረዥ በደጋችን ወደ 200 ሰዓት ሊጠጋ ይገባዋል። ይህን ያላገናዘበ መቆጣጠሪያ የላይኛው እህል ገና ሞቃት ሳለ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ይቆማል። ሞቃቱና ቀዝቃዛው እህል በሚገናኙበት ስፍራም እርጥበት ይከማቻል።

ሦስተኛው ጉዳይ አሠራርና ደኅንነት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ የሚዛባ መቆጣጠሪያ ሌሊትን ከቀን ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ሰዓቱ በባትሪ መደገፍ፣ መብራት ሲመለስም ማራገቢያዎቹ በየተራ መነሣት አለባቸው። ከሁሉ የከበደው ግን እህሉ በፎስፊን ጋዝ በሚታጠንበት ጊዜ መቆጣጠሪያው በራሱ እንዳይነሣ ማድረግ ነው። በመካከል የተነሣ ማራገቢያ እጠናውን ከማክሸፉም በላይ መርዙን ወደ ሠራተኞች ይበትናል። ስለዚህ በቁልፍ የሚዘጋ ማቋረጫ የሌለውን ራስ ሰር መሣሪያ መግዛት አይገባም ባይ ነኝ።

አብዛኛው እህላችን በጆንያ ተደርድሮ በመጋዘን ወይም በገበሬው ጎተራ ስለሚቀመጥ ይህ ክርክር የጥቂት ፋብሪካዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው። ለጆንያ ክምርም ሆነ ሌሊቱ ለማይቀዘቅዘው ቆላ ይህን መሣሪያ አልመክርም፤ በዚያ አየር የማያስገባ ከረጢት ይሻላል። ነገር ግን በአንድ ሲሎ ውስጥ የሚበላሸው እህል የብዙ ገበሬዎች የዓመት ድካም ነው። በአዳዲስ ሲሎዎች ላይ ገንዘብ ከመፍሰሱ በፊት ደንቡን አስቀድሞ ማጥናት ከኋላ ከማረም ይቀላል።

ለዚህም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድርሻ አለን። በራሳችን የስንዴና የበቆሎ ዝርያዎች ላይ የሚዛናዊ እርጥበት መለኪያዎችን መሥራት፣ በየወረዳው በክረምትና በበጋ ስንት ተስማሚ የማቀዝቀዣ ሰዓት እንደሚገኝ ከሜትሮሎጂ መረጃ ማስላት፣ በሲሎ ውስጥም በተለያየ ጥልቀት ሙቀትን መመዝገብ ከማስተርስ ጥናት አቅም በላይ አይደለም። ያ ቁልፍ ያዥ ሠራተኛ ጥፋት አልነበረበትም፤ እህሉ ሌሊት ምን እንደሚፈልግ የነገረው ሰው አልነበረም። መቆጣጠሪያውም ቢሆን ካልነገርነው አያውቅም።