«ሲስተም የለም» የሚባለው የቱ ሲስተም ነው?

ሰኔ ሲደርስ፣ በጀት ሊዘጋ ሲል፣ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ግዥ ይጧጧፋል። ሐምሌ ላይ ካርቶኑ ይቀደዳል፣ የንብረት ቁጥር ይለጠፋል፣ ዊንዶውስ 11 የተጫነባቸው አዳዲስ ማሽኖች ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ኢንተርኔቱ ይከፍታል፣ ስክሪኑ ያምራል። ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን መልሱ ያው ነው፦ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ»።

ብዙ ጊዜ ሲስተሙ አለ። አንድ ጥግ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ፣ ከተተከለ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ሰርቨር ላይ ነው ያለው። የሠራተኛውን ስምና የይለፍ ቃል የሚይዘው፣ ማን የትኛውን ፋይል እንደሚከፍት የሚወስነው እሱ ነው። በእሱ ሥር የተመዘገቡት ኮምፒውተሮች በአንድ ላይ ዶሜይን ይባላሉ። አዲሱ ኮምፒውተርና ይህ ሰርቨር ናቸው ያልተግባቡት።

አንዳንዱ ምክንያት ተራ ነገር ነው። የጨረታ ሰነዱ ራም፣ ዲስክና የስክሪን ስፋት ብቻ ይጠይቅና አቅራቢው ሆም የሚባለውን የዊንዶውስ እትም ጭኖ ያስረክባል፤ ሆም ደግሞ ከነጭራሹ ዶሜይን ውስጥ አይገባም። ሌላ ጊዜ ኢንተርኔቱ እንዲፈጥን ተብሎ የዲኤንኤስ አድራሻው 8.8.8.8 ተደርጎ ይገኛል። ይህ የጉግል አድራሻ ነው፤ የዓለምን ድረ ገጽ ያውቃል፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር ስም ግን ከየት አምጥቶ ያውቀዋል? የሰዓት ጉዳይም አለ። ዶሜይኑ በተለመደው አሠራሩ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገሥም። የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀ ሰርቨር መብራት ሄዶ ሲመጣ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። (በሐበሻ ሰዓት ላስተካክለው ብሎ ስድስት ሰዓት የሚያዞር ሠራተኛ ከተጨመረበትማ ጉድ ነው።) እነዚህን ልምድ ያለው የአይቲ ባለሙያ ብዙም ሳይለፋ ይጨርሳቸዋል።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ፋይል የሚያጋራው ኤስኤምቢ 1 በሚባል አሮጌ የመግባቢያ ደንብ ነው። ስሙ ላይ ያለው 2003 በፈረንጆቹ ነው፤ የማይክሮሶፍት ድጋፍ የተቋረጠበት ግን ሐምሌ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር። ኩባንያው ኤስኤምቢ 1ን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ደረጃ በደረጃ እያስወጣው መጥቷል። ስለዚህ አዲሱ ኮምፒውተር አልተበላሸም፤ አውቆ ነው እምቢ ያለው።

በየቢሮው የሚደረገው ምንድን ነው? ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ኤስኤምቢ 1ን መልሶ ማብራት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፋይሉ ይከፈታል፣ አለቃ ያመሰግናል፣ ቃለ ጉባኤ ላይ «ችግሩ ተፈትቷል» ተብሎ ይጻፋል። አልተፈታም። ሃያ አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ ሃያውንም የአሮጌው ሰርቨር አደጋ ተካፋይ ማድረግ ጥገና አይባልም።

አደጋው ምን እንደሆነ በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከአገር አገር የተዛመተው በዚሁ በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነበር። በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሥር ካሉት 236 የሆስፒታልና የጤና ተቋማት አስተዳደሮች ቢያንስ 80ው ተነክተዋል። የታካሚ ቀጠሮ በሺዎች ተሰረዘ፣ አንዳንድ ድንገተኛ ክፍሎች በሽተኛ ወደ ሌላ ሆስፒታል ላኩ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ የወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር። ያ የሆነው ገንዘብም ባለሙያም ባለበት አገር ነው።

ጥፋቱን የአይቲ ባለሙያው ላይ መደፍደፍ ግን ግፍ ነው። እሱ ሰርቨር ይገዛ ብሎ ጽፏል፤ የተመለሰለት «እየሠራ አይደል እንዴ?» የሚል ነው። ሰርቨር አይታይም። የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር ይታያል፣ ስለዚህ ይገዛል። የውጭ ምንዛሪው ውድ ነው የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ከሃያው ኮምፒውተር ጥቂቱን ቀንሶ ሰርቨሩን መተካት ይቻል ነበር። ደመወዝ የሚሠራበት አሮጌ ፕሮግራም ከዚያ ሰርቨር ሌላ ቦታ አይሠራም ከተባለም፣ ሰርቨሩን ከሌላው ኔትወርክ ነጥሎ፣ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ብቻ እንዲደርስበት አድርጎ፣ ቅጂውን በሌላ ቦታ መያዝ ይቻላል። ይህን ለማድረግ ጨረታ እንኳን አያስፈልግም።

የሚቀጥለው ሰኔ የግዥ ሰነድ ሲዘጋጅ ቢያንስ የዊንዶውሱ እትም ፕሮ መሆኑ ይጻፍ፤ ሰነዱም ከመፈረሙ በፊት ያ አቧራ የለበሰው ሰርቨር ጋ የሚውለው ሰው ይጠየቅ።