የአብሮ አደጎች ፍሥሐ

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ በታወጀ ጊዜ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ደብተራቸውን ዘግተው ወደየገጠሩ የዘመቱት፣ ኋላም ቀይ ሽብርና ስደት እንደ ገለባ የበታተኗቸው የዚያ ትውልድ ልጆች፣ ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ከዋሽንግተንም ከጎንደርም ተጠራርተው ሲገናኙ፣ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው «አንተ! አለህ እንዴ?» ሲባባሉ የሚታየው ፍሥሐና ሐሤት ከማናቸውም ድግስ የከበረ ነው። ማዕረግና ሀብት በዚያች ሰዓት ይረሳሉ፤ ሚኒስትር የነበረውም በልጅነት ቅጽል ስሙ ይጠራል።

እንደ እኔ አሳብ፣ ይህን የመሰለው ጉባኤ በሆቴል አዳራሽ ሳይሆን በዚያው በተማሩበት ትምህርት ቤት ቅጽር ውስጥ ሊደረግ ይገባዋል፤ የስም ጥሪው ሲነበብ ሕያዋኑ «አቤት» ይበሉ፤ ከዘመቻው ያልተመለሱትም ስማቸው ሳይዘለል ይጠራ። ርእሳነ መምህራንም በሩን ከፍተው የዛሬዎቹን ተማሪዎች ከአረጋውያኑ ጋር ያስቀምጧቸው።