ባቡሩ የሚያድርበት ቤት

በደቡብ ኦሞ፣ በዲመካ ከተማ፣ ቅዳሜ ገበያው ሲቆምና ከሐመር መንደሮች የመጣው ሰው ቅቤውንና ማሩን ይዞ ሜዳውን ሲሞላው፣ ስለ ሐዲድና ስለ ባቡር ፉጨት ለማሰብ ምክንያት ያለ አይመስልም። ዲመካ ሐዲድ አይታ አታውቅም። ይሁን እንጂ «ባቡር» የሚለው ቃል ሐዲድ ካለበት አገር አልፎ ሩቅ ሄዷል። በብዙው የአገራችን ገጠር በሞተር የሚሠራው የእህል ወፍጮ «ባቡር» ይባላል። ቃሉ ከፈረንጆች ተነሥቶ በቱርኮችና በዐረቦች በኩል ወደኛ የደረሰ ሲሆን፣ ሥሩ እንፋሎት ማለት ነው፤ ሕዝቡም በእንፋሎት የሚሠራውን ሁሉ በአንድ ስም ጠርቶ፣ እንፋሎቱ ከቀረ በኋላ እንኳ ስሙን አልተወውም።

የወፍጮውን ባቡር የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ የሚከተለውን ያውቃል። አንዲት ኩሽኔታ የተሰበረች እንደሆነ ወፍጮው ይቆማል። በከተማይቱ ቶርኖ ያለው ሞያተኛ ከሌለ ዕቃዋ በመኪና ተጭና ወደ ጂንካ፣ እዚያም ካልተገኘ ወደ አርባ ምንጭ ትጓዛለች። እስክትመለስ ድረስ እናቶች ወደ ድንጋዩ ወፍጮ ይመለሳሉ። ወፍጮው የተገዛበት ገንዘብ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ያቆመችው ዕቃ ዋጋዋ ጥቂት ነው። ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ነገርም ይኸው ነው፤ ዳሩ ግን የምናነሣው ትልቁን ባቡር ይዘን ነው። ስለ ጣቢያዎችና ስለ ምረቃ በዓላት ብዙ ተጽፏል። ባቡሩ ሌሊት ስለሚያድርበትና ስለሚታከምበት ቤት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊሱ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር ከተማ እንዲገባ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደርሶ በሜዳው ላይ ቆመ። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ድሬ ዳዋ የተወለደችው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሰረና በሌላ ኩባንያ ተተካ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለገሃር ያለው ያማረ ጣቢያ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ድሬ ዳዋ ለብዙ ዓመታት የመስመሩ ጫፍ ሆና ቆየች ማለት ነው። ባቡር ደግሞ ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደ በቅሎ ሣር አይሰጠውም። የእንፋሎት ባቡር ያላየ ወጣት ይህን በቀላሉ አይረዳው ይሆናል። ከበረሓ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ በጋን ውስጥ ሲፈላ ጨውና ኖራ በብረቱ ላይ ይጋገራል። ይህ ቅርፊት በጊዜው ካልተፋቀ ሙቀቱ ወደ ውሃው አይደርስም፤ ብረቱ ይነዳል፤ ጋኑም ሊፈነዳ ይችላል። የጭሱ ቧንቧዎች እየተመዘዙ ይለወጣሉ፤ አመዱ ይጠረጋል፤ የፍሬኑ ብረት በልቶ ሲያልቅ ሌላ ይገባለታል። ይህን ሁሉ ለመሥራት አንጥረኛ፣ ብረት አቅላጭ፣ ቶርኖ ሠራተኛ፣ ለፉርጎዎቹም አናጢ ያስፈልጋል። ፈረንሳይ አገር ያለው ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ቡሎን በመርከብ እስኪልክ ሊጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ የጥገናው ሥራ ቤት ከባቡሩ ጋር አብሮ ተተከለ፤ በዙሪያውም ከተማ በቀለ። ከዚራ የተባለው ሠፈር ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቹ የተሠራው ለባቡሩ ሰዎች ነው። በደጫቱ ማዶ መጋላ ከገበያው ጋር አደገ።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. የናፍጣ ባቡሮች መጡ። ይህ ለመንገደኛው ፍጥነት፣ ለሥራ ቤቱ ግን አዲስ ትምህርት ነበር። ጋን ሲፍቅ የኖረው እጅ አሁን አንድ ቅንጣት አቧራ የሚያበላሸውን የናፍጣ ፓምፕ መፍታት ነበረበት። ሠራተኞቹ ይህንንም ተማሩ። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ሲቋረጥ፣ ከጦርነቱ በኋላ ተጠግኖ እንደገና ሄዷል። የሞያ ስማቸውን በፈረንሳይኛ፣ ጨዋታቸውን ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚናገሩ የሥራ ቤት ሰዎች ትውልድ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

መስመሩ ግን አረጀ። ሐዲዱን የሚያድስ ገንዘብ ጠፋ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው ጉዞ ተቋረጠ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ ይሄዳል፤ የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። ስለዚህ አሮጌው ሥራ ቤት ለአዲሱ ባቡር በቀጥታ የሚያገለግል አልሆነም። ባቡሩ ከቆመ በኋላ ድሬ ዳዋን የጎበኙ ጋዜጠኞች፣ ሽማግሌ ሠራተኞች የጥንቱን መኪናዎች ዘይት እየቀቡ ሲጠብቁ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። መንገደኛ የሌለው ባቡር ምን ይጠበቃል ብሎ የሚስቅ ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን አንስቅም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። የከተማይቱ ቀላል ባቡር ሥራ በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን ከመቶ 85 እጁ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደርነው ነው። 41 ባቡሮች ከቻይና ከቻንግቹን ፋብሪካ መጡ። ማደሪያና መጠገኛ የሚሆኑ ሁለት ዴፖዎችም ተሠሩላቸው፤ አንዱ በሰሜን ደቡቡ መስመር ጫፍ ቃሊቲ፣ ሁለተኛው በምሥራቁ ጫፍ አያት ነው። መጀመሪያ የሼንዘን ሜትሮ ሰዎች ከቻይናው ሥራ ተቋራጭ ጋር ሆነው ሲያስተዳድሩት ቆይተው ለኢትዮጵያውያን አስረከቡ።

ሰዉ ባቡሩን ወደደው። ጠዋት ከአያት የሚነሣው ሠራተኛና ተማሪ ተጨናንቆም ቢሆን በጥቂት ብር ይደርስበት ነበር። ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ከሥራ ወጡ። በ2015 ዓ.ም. አካባቢ ከ41ዱ የሚበዙት ቆመው ነበር። ከተነገሩት ምክንያቶች ዋናው የመለዋወጫ እጦትና የውጭ ምንዛሪ ችግር ነው።

የባቡር መንኮራኩር በሐዲዱ ላይ ሲሽከረከር፣ ይልቁንም በጥምዝ ላይ፣ ከንፈሩ ይበላል። በጊዜው በቶርኖ ተስተካክሎ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ነገር ግን በተስተካከለ ቁጥር ይቀጥናል፤ ወሰኑ ላይ ሲደርስ አዲስ ብረት መልበስ አለበት። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ጫማ እንደማለቁ ያለ የታወቀ ነገር ነው። በየስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ባቡሩ ከመገዛቱ በፊት ሊሰላ ይቻላል። እንግዲህ ቃሊቲና አያት ላይ ጣሪያውና ሐዲዱ ያለው ቤት ተሠርቷል፤ ያልተሠራው ያንን ብረት በአገር ውስጥ የሚያወጣው እጅ ነው። የድሬ ዳዋው ቤት የጥንቱ ኩባንያ ለራሱ ጥቅም ብሎ የተከለው ቢሆንም ሠሪ ቤት ነበር። የአዲስ አበባዎቹ ፈቺና ገጣሚ ቤቶች ሆኑ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ባቡሮቹን ያቆማቸውም በአብዛኛው ይህ ይመስለናል።

የተለየ መንገድ የሄዱ ከተሞች አሉ። በአውስትራሊያ የሜልበርን ከተማ ፕሬስተን በተባለ ስፍራ ባቋቋመችው ሥራ ቤት ለጎዳናዋ የሚሆኑትን ባቡሮች አብዛኞቹን ራሷ ሠራች፤ እንጨትና ብረት የሆኑት እነዚያ ባቡሮች ጥቂቶቹ ዛሬም በከተማይቱ መካከል ይዞራሉ። ሜልበርን ሀብታም ናት የሚል ይኖራል። እንግዲያው ከሜልበርን ይልቅ ለእኛ የሚቀርበውን የአስመራን እንይ። ከምጽዋ የሚወጣው ሐዲድ በጦርነት ከተነቀለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ በ1930ዎቹ ኢጣሊያ የተሠሩትን የእንፋሎት ባቡሮች አስነሥተው መስመሩን በ2003 አስመራ አደረሱት። የረዳቸው የሥራ ቤቱና በራሳቸው ውስጥ የተቀመጠው ሞያ ነው።

ይህን ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በዲመካ ወይም በጂንካ በአንድ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጠው ወጣት፣ ነገ የውሃ ፓምፕ፣ ትራክተር ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር ግዢ ወረቀት ላይ ይፈርማል። በወረቀቱ ላይ ዋጋው፣ የመኪናው ጉልበትና የሚደርስበት ቀን ተጽፎ ያገኛል። ማን እንደሚፈታው፣ በየት ቶርኖ እንደሚስተካከል፣ በሦስተኛው ዓመት ላይ የሚያልቀው ዕቃ ከየት እንደሚመጣ የሚናገር መሥመር ግን ብዙ ጊዜ የለም። ያ መሥመር እስኪሞላ ድረስ ወረቀቱን ቢመልሰው ሥራ አጓተተ ተብሎ ይወቀስ ይሆናል። እኛ በበኩላችን ወቀሳውን ቢሸከም እንመርጣለን።

በድሬ ዳዋ ደግሞ ሌላ የሚሠራ ነገር አለ፤ እርሱም ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የሥራ ቤቱ ሽማግሌዎች የመሣሪያዎቹን ስምና የአሠራሩን ደንብ በቃላቸው ይዘውታል፤ ከዚያውም ብዙው በፈረንሳይኛ ነው። ከየሞያ ትምህርት ቤቱ፣ ከጂንካም ቢሆን፣ ጥቂት ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው ደብተርና እርሳስ ይዘው ቢሄዱ፣ አንዱ አባት ቶርኖውን ሲያሳይ ሌላው እየጻፈ፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም በአማርኛ ቢያወጡለት፣ ክረምቱ ሳያልቅ አንድ መጽሐፍ የሚሞላ ነገር ይዘው ይመለሳሉ።