ሪፖርት ጥም አይቆርጥም

የላሊበላ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከተማዋ ግን ትንሽ ናት፤ ለገና የሚመጣው እንግዳ ከነዋሪው ብዙ እጥፍ ይሆናል። በእንዲህ ዓይነት ከተማ ሆቴሉ ውሃ በቦቴ ያስመጣ ይሆናል፤ ጄሪካን ይዛ ቦኖ ላይ የተሰለፈችው እናትስ?

ታዲያ ተቆጣጣሪው ማነው? የከተማው ምክር ቤት አይደለም እንዴ! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። እኛ የምንለው፦ የቦኖው ተራና የገቢው ሂሳብ በየወሩ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፤ ምክር ቤቱም በዓሉ ሳይደርስ ቦኖው ድረስ በእግሩ ሄዶ ይመልከት።

ነገ ተመድበን የምናስተምረው የዚያችን እናት ልጅ ነው። አረፈድክ ብለን ከመቆጣታችን በፊት ቦኖውን እንጠይቅ።