ስለ እርሳሱ ቁጥር

«በ30 ቅጂ ብቻ ይታተም፤ እያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠው፤ ሠዓሊው ይፈርምበት፤ ከዚያ ጣውላው ይሰረዝ።» ይህ ሐሳብ የቀረበው በዚሁ መጽሔታችን የአዘጋጆች ስብሰባ ላይ ነው። ለሚቀጥለው እትም ሽፋን የተቀረጸውን የእንጨት ሥዕል ከመጽሔቱ ነጥለን አንዱን በ200 ብር ብንሸጠው የወረቀትና የቀለም ዕዳችንን እንከፍላለን፣ ነው ነገሩ። ለሐሳቡ ምስክር ሆኖ የተጠራው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኮርያዊው ሠዓሊ ኦ ዩን! የእሱ አንድ ወረቀት ዛሬ በጨረታ የሚፈለገው ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ነው ተባለ።

ዕዳው እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ምስክሩ ግን ያለ ቦታው ተጠርቷል።

ኦ ዩን እ.ኤ.አ. በ1946 ፑሳን ተወለደ። አባቱ ደራሲ ነበሩ። እሱ በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ቅርጻ ቅርጽ ተማረ። በ1969፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ከጓደኞቹ ጋር የእውነታን ጥበብ የሚሰብክ ቡድን አቋቁሞ ኤግዚቢሽን አሰናዳ፤ መግለጫቸውን የጻፈላቸው ገጣሚው ኪም ቺሃ ነበር። ኤግዚቢሽኑ ሳይከፈት ታገደ። ልብ በሉ፤ እኛን የሚያክሉ ልጆች ናቸው። ኋላም «እውነታና አንደበት» የተሰኘውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ትርኢት በ1980 ሲቀርብ የአዳራሹ ሰዎች መብራት አጠፉ፤ ሥዕሎቹም በሻማ ታዩ። ጊዜው የወታደሮች አገዛዝ የነበረበት፣ ኳንግጁ ላይ በግንቦት ወር የፈሰሰው ደም ገና ያልደረቀበት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ወደ እንጨት ቅርጽ የዞረው ሸራና ቀለም ቸግሮት አይደለም። ቅርጽ ስለሚባዛ ነው። ማተሚያ መኪና እንኳ የግድ አይልም፦ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልገውን ክፍል በመሮ ታነሣለህ፣ የቀረውን ቀለም ትቀባለህ፣ ወረቀት ታለብሳለህ፣ ጀርባውን በማንኪያ ታሻለህ፤ አለቀ። ኦ ዩን በዚህ መንገድ ለመጻሕፍት ሽፋን ሠራ፤ ሥዕሉ ሙዚየም ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው እጅ ገባ። ኮርያውያን ይህን የጥበብ እንቅስቃሴ የሚጠሩበት ቃል ሚንጁንግ ነው፤ በእኛ አነጋገር ሰፊው ሕዝብ እንደማለት።

በ1985 የሠራውን «የሰይፍ ዘፈን» የተባለውን ሥራ እዩት። ሰይፍ የያዘ ሰው ይጨፍራል። መስመሩ ወፍራም ነው፣ ጥቁር ነው፤ የተቆረጠው ሁሉ በቆራጥነት የተቆረጠ ነው። በጭፈራው ውስጥ የኮርያ ገበሬ ጭምብል ለብሶ የሚጫወተው ጨዋታ አለ። ስሙም የቶንግሃክን እምነት የመሠረተውንና በ1864 የተገደለውን ቼ ጄኡን ያስታውሳል፤ እሱም የሰይፍ ዘፈን ነበረው። በ1894 የተነሡት ገበሬዎች የእሱ ተከታዮች ነበሩ። ኦ ዩን ይህን ከሠራ በኋላ ብዙ አልቆየም። የመጀመሪያውን የግል ትርኢቱን ሴኡል ላይ በ1986 አሳየ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በ40 ዓመቱ ሞተ።

አሁን ነጋዴው ምን ያደርጋል? ኦ ዩን በሕይወት ሳለ የታተመውን ለብቻ፣ ከሞተ በኋላ ከዚያው ጣውላ የታተመውን ለብቻ አድርጎ ዋጋ ይቆርጣል። ጣውላው ያው! መስመሩ ያው! እንግዲህ የሚሸጠው ሥዕሉ ነው ወይስ ሌላው ሰው እንዳያገኘው መደረጉ?

እስቲ ስለ ቁጥሩም እንነጋገር። በወረቀቱ ግርጌ በእርሳስ 12/30 ተብሎ ሲጻፍ ከ30ው 12ኛው ነው ማለት ነው። የጥንት ነገር ይመስለናል እንጂ አይደለም፤ ሬምብራንት በዘመኑ አልቆጠረም። ልማዱ የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ነው። በመርፌ የተጫረ መዳብ ላይ ቁጥር ምክንያት አለው፤ ጭረቱ በጥቂት ቅጂ ይደክማል፣ ኋላ የሚወጣው ይደበዝዛል፤ ገዢው ስንተኛው እንደደረሰው ቢያውቅ ተገቢ ነው። ጠንካራ እንጨት ግን መቶዎችን ይችላል። ደግሞ ይህን ለኮርያ ሰው ማስረዳት ያሳፍራል፤ በሄይንሳ ገዳም ከ80 ሺህ በላይ የሆኑ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የቡድሃን መጻሕፍት ለማባዛት የተቀረጹ ጣውላዎች ዛሬም በመደርደሪያ ላይ አሉ። ቀራጮቹ 30 አትመው ቢሰርዙት ኖሮ ምን ይባሉ ነበር?

ደኅና ጣውላ በምላጭ ሰርዞ «ከእንግዲህ የለም» ማለት ጎተራው ሞልቶ ሳለ «እህል ጠፋ» ብሎ ማስወራት ነው። ገበያ ላይ ይህን የሚሠራውን ሰው ምን ብለን እንደምንጠራው ሁላችንም እናውቃለን። ኤግዚቢሽን ላይ ሲሆን ግን ጥበብ ይባላል!

«ሠዓሊ አይብላ ወይ?» ተብያለሁ። ይብላ እንጂ! የቀረጸበት ሌሊት ይከፈለው። እኔ የምለው ክፍያው ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ይምጣ ነው። ሒሳቡ ደግሞ ቀላል ነው፦ 30 ቅጂ በ200 ብር 6000 ብር ይሆናል። መጽሔታችን በ400 ቅጂ ይባዛል፤ በእያንዳንዱ ላይ 15 ብር ቢጨመር ያው 6000 ብር ነው። የአንድ ሻይ ዋጋ። በመጀመሪያው መንገድ ሥዕሉ 30 ሳሎን ይገባል፤ ለመሆኑ ከመካከላችን ሳሎን ያለው ማን ነው? በሁለተኛው 400 ዶርም ይገባል።

ሌላም ነገር አለ። በ1983 ሠዓሊው ሆንግ ሶንግዳም ኳንግጁ ውስጥ ለከተማው ነዋሪ የሥዕል ትምህርት ቤት ከፈተ። ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ የቤት እመቤቷም መሮ ይዘው ያዩትን ቀረጹ። እሱ በ1989 ከነሥዕሉ ተከሶ ታሰረ። እንግዲህ የእነዚያ እመቤቶች ቅርጽ ስንተኛ ቅጂ ነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ ይጠይቅ።

የእኛ ጣውላ እስካሁን አልተሰረዘም። ከስቴንስሉ ሣጥን ጎን ተቀምጧል፤ ቀለሙ ለአንድ መቶ ያህል ይበቃል። ነጭ ወረቀት ያለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይዞ ይምጣ፤ ማንኪያም ያምጣ፣ የእኛ አንድ ብቻ ናት።