ስለ ታላቁ አርጃኖና ስለ እንጨት እንጉዳይ

ሰሞኑን የአራዊት ሥዕል ሲያገላብጥ የነበረ አንድ ሕፃን ኮሞዶ የሚባለውን ታላቅ አርጃኖ አይቶ «ከዚህ የባሰ ገዳይ አለን?» ብሎ ጠየቀን። እኛም «እንጉዳይ አለ» ብንለው ሳቀብን። ስለዚህ ሁለቱን አስተያይተን ለቤተ ሰቡ ሁሉ ልንጽፍ ወደድን።

ኮሞዶ የሚኖረው በኢንዶኔዢያ ደሴቶች፥ ይልቁንም በኮሞዶ፥ በሪንቻና በፍሎሬስ ነው። ትልቁ እስከ ጅራቱ ጫፍ 3 ሜትር ያህል ይሆናል፤ አጋዘንና ጎሽ ሳይቀር ይጥላል። ብዙ ዘመን ሊቃውንት የሚገድለው የአፉ እድፍ ነው ይሉ ነበር፤ ነገር ግን በ2009 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታችኛው መንጋጋው መርዝ የሚያመነጭ ዕጢ እንዳለው ተገለጠ። ጫጩቶቹም ታላላቆቹ እንዳይበሏቸው በዛፍ ላይ ያድጋሉ። ይህ ሁሉ የሚያስፈራ ነው፤ ቢሆንም አውሬው ሲጠግብ ይተኛል፤ ሰውም ካየው ይርቀዋል።

አርሚላርያ የሚባለው እንጉዳይ ግን በዐይን አይታይም። በእርጥብ ወራት በግንድ ሥር የሚበቅሉት ማር የመሰሉት ጃንጥላዎች ፍሬው ብቻ ናቸው፤ አካሉ ከቅርፊቱ በታች እንደ ነጭ ስስ ቆዳ ተዘርግቶ ይኖራል። ከዚያም የጫማ ማሰሪያ የመሰለ ጥቁር ክር አውጥቶ በአፈር ውስጥ ወደ ጎረቤቱ ዛፍ ሥር ይሻገራል። የዛፉን ሕያው ክፍል ዙሪያውን በልቶ ሲጨርስ ዛፉ ቆሞ ይሞታል። አርጃኖው ግዳዩን በልቶ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል፤ ይህ ግን በገደለው ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። በአሜሪካ በኦሬገን ክፍል ሀገር አንዱ ብቻ 965 ሄክታር ያህል ይዟል፤ ዕድሜውም ከ2,000 ዓመት በላይ ይገመታል።

ወገኑ በአገራችንም አለ፤ በግራርና ፓቱላ በሚባለው የባሕር ማዶ ጥድ ሥር ተገኝቷል። እንግዲህ አያቶቹ የተከሉት ዛፍ ቅጠሉ እየሳሳ ሲደርቅ ያየ ሰው የውሃ እጥረት ነው ብሎ ብቻ አይለፈው፤ ከመሬቱ አጠገብ ቅርፊቱን ጥቂት ገልጦ ይመልከት። የእንጉዳይ ሽታ ያለው ነጭ ነገር ቢያገኝ ዛፉን ለማዳን ተስፋው ጥቂት ነው፤ ጉቶውንና ወፍራም ሥሮቹን አስነቅሎ የቀሩትን ይጠብቅ። ጉቶውን ትቶ አጠገቡ አዲስ ችግኝ መትከል ለጠላት ስንቅ ማቀበል ነው።

አርጃኖውማ ዛሬ ጠባቂ ያሻዋል፤ በ2021 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለመጥፋት ከሚያሰጉት ወገኖች ጋራ ተመዝግቧል።

ሕፃኑም ይህን ሰምቶ በጓሮ ያለውን ጉቶ ሊመረምር ቢላዋ ስጡኝ አለ፤ ቢላዋውን እኛ ይዘን አብረነው ሄድን።