«ይበቃኛል» ማለትን የት እንማር?

ፊልጵስዩስ 4፥13ን የማያውቅ ወጣት በመካከላችን የለም። በቲሸርት ላይ አሳትመነዋል። ለፈተና ስንቀመጥ፣ ቪዛ ስንጠይቅ፣ ንግድ ስንጀምር እንጠቅሰዋለን። ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ወጥተን 4፥11ን ያነበብን ግን ስንቶቻችን ነን? ጳውሎስ በዚያ ስፍራ የሚናገረው የተመኘውን ስለ ማግኘት አይደለም። ማግኘትንም ማጣትንም፣ መጥገብንም መራብንም አይቶ፣ ባለው መርካትን እንደ ተማረ ነው የሚመሰክረው። ያውም ታስሮ ሳለ! እኛ ግን የእስረኛውን የእርካታ ቃል የምኞታችን ማስፈጸሚያ አደረግነው።

ጥፋቱን ሁሉ በገበያው ላይ አናላክክ። ገበያውን በመድረካችን ላይ ያነገሥነው እኛው ነን። አዲስ ስልክ የገዛ ወንድም «ጌታ ባረከኝ» ሲል እናጨበጭባለን። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ በየሳምንቱ ቀድሞ መጥቶ ወንበር የሚደረድረውስ አልተባረከም? እንዲህ ብሎ በአፉ የሚናገር የለም፤ ጭብጨባችን ግን ይናገራል።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተምርበት ኅብረት መዘምራን ለመዝሙር ቪዲዮ ልብስ ለማሰፋት ገንዘብ እንዲያዋጡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት አንድ ልብስ ተሰፍቶላቸው ነበር። እጃቸውን አንሥተው ከደገፉት አንዱ እኔ ነኝ። አንዲት እኅት «ትምህርት በዛብኝ» ብላ ከአገልግሎት ቀረች። እውነቱን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው፤ ለመዋጮው ቤተሰቦቿን መጠየቅ ከብዷት፣ ለእኛም መናገር አፍራ ነበር። ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ለመዘመር ባሰፋነው ልብስ እኅታችንን ከዝማሬው አስወጣናት።

«ታዲያ ድህነትን እናወድስ? ያልተገላበጠ ያራል!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በገዛ እጁ ሠርቶ ይበላ ነበር። እርካታ ስንፍና አይደለም። ተማር፣ ሥራ፣ ነግድ። ስትገላበጥ ግን ለምን እንደምትገላበጥ እወቅ። ለመታየት ብለህ በብድር ጫማ ከገዛህ፣ አያቶቻችን አስቀድመው ነግረውሃል፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ዘጸአት 16ን ደግሞ እናስብ። ብዙ መና የሰበሰበ አልተረፈውም፤ ጥቂት የሰበሰበም አልጎደለበትም። ጳውሎስ ይህን ታሪክ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 የሚያነሣው ስለ መስጠት ሲያስተምር ነው። እንግዲያው «ይበቃኛል» ማለት ለራስ ልብ ሰላም ብቻ የሚባል ቃል አይደለም፤ ለጎደለበት ባልንጀራ ቦታ የሚለቅ ቃል ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ መዋጮ ሲነሣ፣ «ስንት ይበቃናል?» ከማለታችን በፊት «ይህን መክፈል የማይችለው ማን ነው?» እንበል። ያን ጊዜ እኔ ይህን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ በአሮጌው ልብስ ሁላችንም አብረን እንዘምር ነበር። እግዚአብሔርስ ምን ይጎድልበት ነበር?